የግራዋው ኩባያ

አብዱልሃፊዝ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ሳለ ቴሌቪዥኑ አሁንም ይሠራ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሰይፍ የታጠቀ ጃፓናዊ ተዋጊ ጭጋግ በዋጠው ድልድይ አፍ ላይ ቆሟል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የካባው ጫፍ በነፋስ ይውለበለባል። በዚያች ጠባብ ጓዳ ውስጥ ረጋ ብሎ የሚተነፍሰው እሱ ብቻ ነበር።

ኢንስፔክተር ማዕዶት ኃይሌ እዚያ የደረሰችው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው ወልቂጤ ገበያ አጠገብ ያለ የሞባይል መሸጫና መጠገኛ ነው፤ ጓዳው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የሰፈሩ ጌም ቤት እንደነበር ከግድግዳው ላይ የደበዘዙት የኳስ ተጫዋቾች ሥዕሎች ይናገራሉ። አራት የእንጨት መቀመጫ ዱካዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። አብዱልሃፊዝ ከሦስተኛው ዱካ ላይ ወደ ፊት ወድቋል። ጆይስቲኩ በቀኝ እጁ ሥር ነው። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ዱካ መካከል አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ተገልብጧል፤ ከግድግዳው ሥር ደግሞ እስከ ግማሹ አረንጓዴ ውሃ የያዘ ጆግ ተቀምጧል።

ሳጅን ሙዝደሊፋ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ከለከለችው። በስልኳ ስክሪኑን ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሳች።

«ሟቹ መሬት ላይ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ።

«አይቼዋለሁ። የዚህኛውን ደም አየህ?»

ከተዋጊው ራስ በላይ የቀረውን ደሙን የሚያሳይ ቀይ መስመር ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው። ሳጅኑ ትከሻውን ሰበቀ።

ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም ኩባያውን አሽትቶ ፊቱን አዞረ። የተባይ መድኃኒት ነው አለ፤ ለጫትም ለበርበሬም የሚረጨው፣ ማንም ገዝቶ የሚያገኘው ዓይነት። ከጠጣ በኋላ ብዙም አልቆየም።

ያን ቀን በቤቱ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። ባሂራ የሟቹ ሚስት ናት። ሙባሪክ ከከተማው ወጣ ብሎ የጫት እርሻ ያለው የልጅነት ጓደኛው ነው። ዓብይ በጉብሬው ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ይሠራል፤ እሱም የልጅነት ጓደኛው ነው። አራተኛዋ ፈትሂያ ከቡታጅራ የመጣች መምህርት ናት። እሷ የማንም ጓደኛ አልነበረችም፤ የሰማን ታናሽ እህት ነበረች። ሰማን ደግሞ የዚህ ጌም ቤት አራተኛ ልጅ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በክረምት፣ ዋቤ ወንዝ ወስዶታል።

ማዕዶት መጀመሪያ ባሂራን ጠራቻት። ባሂራ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ጫፉን ይዛለች። ባሏ ከሁለት ሳምንት በፊት አሮጌውን ጌም ከካርቶን አውጥቶ ሌንሱን እንዳጸዳና እንዳስነሳው ነገረቻት። ልጆች ሳሉ «ጂኒ ገዳዩ» ይሉት ነበር፤ በጃፓንኛ የተጻፈውን የሚያነብ ስላልነበረ ስሙን ራሳቸው ነው ያወጡለት። ከመቃብር የሚነሱ ወታደሮች አሉበት፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ ራሷን በእጇ የያዘች ሴት ትጠብቃለች። ሰማን የሞተ ሰሞን ድልድዩ ላይ ትተውት ከዚያ ወዲህ አልነኩትም።

«ዛሬ እንጨርሰዋለን አለኝ። ከዚያ አንድ ሸክም ይወርድልኛል አለ።»

«ምን ሸክም?»

«ጠየቅኩት። ማታ እነግርሻለሁ አለኝ።»

ስለ ግራዋውም የነገረቻት እሷ ናት። ጌሙ የአንድ ሰው ነው፤ አንዱ ይጫወታል ሌላው ያያል። ተዋጊው የሞተበት ልጅ በግዴለሽነት እንዳይጫወት ሲሉ በልጅነታቸው ሕግ አወጡ። የሞተ ሰው ከጆጉ ተቀድቶለት አንድ ኩባያ የግራዋ ጭማቂ ይጠጣል፤ ከዚያ ጆይስቲኩ በስተቀኙ ወዳለው ይተላለፋል። መራራ ነው፤ ሆድ ያገላብጣል። ዛሬም ጠዋት አብዱልሃፊዝ ራሱ ቅጠሉን ጨምቆ አዘጋጀ።

«ሁሉም ጠጡ?»

ባሂራ ሳትወድ ፈገግ አለች። ሙባሪክ ጨጓራውን እንደሚታመም፣ በመጀመሪያው ዙር ሲሞት አብዱልሃፊዝ «ዋስህ እኔ ነኝ» ብሎ እንደጠጣለት ነገረቻት። ይህም ከድሮ የነበረ ሕግ ነው። ዓብይ በሳቅ ሊሞት ደረሰ፤ ሽማግሌ ሆነሃል እያለ ሲያበሽቀው ሙባሪክ ተቆጣ። ፈትሂያ ስትመጣ ጨጓራዬን እንዳታነሱብኝ ብሎ አስማላቸው።

«ፈትሂያ ያኔ አልነበረችም?»

«አውቶቡሱ ዘግይቶባት አምስት ሰዓት ተኩል ካለፈ ነው የገባችው።»

ቀጥሎ የሆነውን አላየችም። የቀትሩ የዙሁር ሰላት ሲደርስ እሷና ፈትሂያ በጓሮ በኩል ወዳለው ቤት ሄደው ሰገዱ። ገና ሳይጨርሱ የሙባሪክን ጩኸት ሰሙ።

«አብራችሁ ገባችሁ?»

«እሷ ቀደመችኝ። በሩ ላይ ቆማ ነበር።» ባሂራ የነጠላዋን ጫፍ ለቀቀችው። «አንድ ነገር አለ፣ ኢንስፔክተር። ነገር ነው ወይስ አይደለም አላውቅም። መጀመሪያ ያየችው ባሌን አልነበረም። ሙባሪክን ነበር። መሬት ላይ ሰው ወድቆ እሷ የቆመውን ሰው ነበር የምታየው።»

ሙባሪክ ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ፣ ለወትሮው ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ነው። አሁን ግን መሀረብ አፉ ላይ አድርጎ ደጋግሞ ይተፋል። የታች ከንፈሩ አብጧል። ፖሊስ ሲደርስ በር ላይ ሲያስመልሰው እንዳገኙት ሳጅኑ ነግሯታል፤ ጓደኛው ፊቱ ሞቶበት ነው ብለው አልፈውታል።

«ሁለታችን ብቻ ነበርን» አለ። «ዓብይ ስልክ ተደውሎለት ወደ ሱቁ ወጥቷል፣ ሴቶቹ ለሰላት ሄደዋል። አብዱልሃፊዝ ሞተ... ጌሙ ላይ ማለቴ ነው። ጠጣ። ወደቀ። አለቀ።»

«ኩባያውን ማን ቀዳው?»

«ፈትሂያ መሰለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጂዋ እሷ ነበረች። ግን ዓብይም ሲወጣ በዚያ በኩል አልፏል፤ ባሂራም ቆሎ አስቀምጣ ወጥታለች። እኔ ዓይኔ ከስክሪኑ ላይ አልተነሳም።»

ከንፈርህን ምን ነካው ብላ ጠየቀችው። ነክሼው ነው አለ።

ፈትሂያ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ጠባብ ፊት አላት፤ ስትናገር ሰሌዳ ላይ እንደምትጽፍ ቃል በቃል ታስቀምጣለች። አብዱልሃፊዝ ደውሎ እንደጋበዛት፣ የወንድሟ ጓደኞች ስለሆኑ እንደመጣች ተናገረች። አዎ፣ ኩባያውን የቀዳችው እሷ ናት። ዓብይ ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ለቀጣዩ ሞልታ መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ለሰላት ወጣች። ሌላ የምታውቀው የለም። ከልቧ የምታለቅሰው የአብዱልሃፊዝ ስም ሲነሳ ብቻ ነበር፤ ያም ለቅሶ የውሸት አልነበረም። ማዕዶትን ግራ ያጋባት እሱ ነው።

የከፋው የዓብይ ጉዳይ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እሱና አብዱልሃፊዝ ሱቁ ውስጥ ሲጨቃጨቁ የጎረቤት ልብስ ሰፊ ሰምቷል። ዓብይ «ይሄን ነገር ካወጣኸው ሰው ይሞታል» ብሎ ነበር። ምን ነገር እንደሆነ ሲጠየቅ አልናገርም አለ። የላቦራቶሪ ሠራተኛ መሆኑ ሲጨመርበት ለጣቢያው አዛዥ ከበቂ በላይ ነበር። ዓብይን አሰሩት። አዛዡ ማክሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ካለሽ አምጪ አላት።

ሰኞ ጠዋት እናቱ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ጣቢያው በር ላይ ነበሩ። ምሳ ዕቃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ማዕዶት እጅ ስትነሳቸው የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ ልበልሽ። እሱ ዝም ካለ የሚሸፍነው ሰው አለ። ከልጅነቱም እንዲህ ነው፤ ሌላው ልጅ የሰበረውን ብርጭቆ ተገርፎበታል። ይሄን ግን እኔ በሕይወት እያለሁ አይሸከመውም።»

ማዕዶት ዓብይን ለብቻው አገኘችው። ስለ ጠቡ አልጠየቀችውም። ጌሙን እንዴት እንደሚጫወቱት ብቻ እንዲያስረዳት ለመነችው። ዓብይ መጀመሪያ የምታሾፍበት መሰለው፤ ኋላ ግን ሳይታወቀው ሞቅ አለው። እጁን በአየር ላይ እያንቀሳቀሰ ያሳያት ጀመር። ድልድዩ ጋ ስትደርሺ ቀድመሽ አትምቺ፣ ሴትዮዋ ራሷን ስትወረውር ነው ለምት የምትጋለጠው። ሙባሪክ ይሄን መታገሥ አይችልም፤ በሕይወቱ አንድ ቀን ድልድዩን አልፎ አያውቅም። ገብቶ ሁለት ደቂቃ አይሞላውም።

«ይሄን ሁሉም ያውቃል?»

«ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሕፃናቱ ይስቁበት ነበር። ፈትሂያም አንዷ ነበረች።»

አራት ሰዓት ላይ እሷና ሳጅን ሙዝደሊፋ ወደ ጓዳው ተመለሱ። ማዕዶት በሕይወቷ ጆይስቲክ ይዛ አታውቅም። ከሦስተኛው ዱካ ላይ ተቀምጣ ጌሙን ካቆሙበት አስነሳችው፤ ድልድዩ ላይ አንድ እርምጃ ገብታ ሞተች። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ደም የሚመስል ጽሑፍ መሃሉ ላይ ፈሰሰ፤ ከዚያ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ጠበቀች። ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ጽሑፉ እንዳለ ነው።

«ቁልፉን ተጫኚው እንጂ» አለ ሳጅኑ፤ ሳያስበው አንቺ ብሏት ደነገጠ።

ተጫነችው። ተዋጊው ድልድዩ አፍ ላይ ሙሉ ደሙን ይዞ ቆመ፤ ካባው ተውለበለበ። እግሯን ድልድዩ ላይ እስካላሳረፈች ድረስ የሚመጣበት ጠላት የለም። ማዕዶት ስልኳን አውጥታ የትናንቱን ፎቶ ከስክሪኑ ጋር አስተያየችው። አንድ ነበሩ።

ጆይስቲኩን ለሳጅኑ ሰጠችው። ሳጅኑ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠና ሴትዮዋን በሦስተኛው ሙከራ ገደላት፤ የት ተማርክ ብትለው ሆሳዕና ነዋ አላት፣ ጌም ቤት የነበረው ወልቂጤ ብቻ ነው እንዴ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም ወደ ጓዳው አስጠራቻቸው። ዓብይ በሁለት ፖሊስ ታጅቦ መጣ። እያንዳንዳቸውን ትናንት በነበሩበት ዱካ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ዓብይ ከአንደኛው፣ ሙባሪክ ከሁለተኛው፣ ፈትሂያ ከአራተኛው። ሦስተኛው ባዶ ቀረ። ባሂራ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ተቀመጪ ብትባልም እንቢ አለች። የባሏ አስከሬን ከሆስፒታል እስኪመለስ እየጠበቀች ነበር።

«ሁላችንም ከአንድ ስህተት ነው የተነሳነው» አለች ማዕዶት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አብዱልሃፊዝ ተሸንፎ፣ ቅጣቱን ጠጥቶ ሞተ ብለን። ከጆጉ ዓብይ ትንሽ ቀደም ብሎ ጠጥቷል፤ ምንም አልሆነም። ስለዚህ መርዙ በጆጉ ውስጥ አልነበረም፤ ዓብይ ከጠጣ በኋላ በተሞላው ኩባያ ውስጥ ነበር። ጥያቄው ያ ኩባያ የማን ነበር የሚለው ነው።»

ፎቶውን አሳየቻቸው።

«በጌሙ ሰው ሲሞት ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ጆይስቲኩን በስተቀኝ የሚቀበለው ሰው ቁልፉን እስኪጫን ድረስም እንደዚያው ይቆያል። ጌሙ ላይ የሞተው አብዱልሃፊዝ ቢሆን ኖሮ፣ ጠጥቶ ሲወድቅ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ በቀረ። እኛ ያገኘነው ግን ገና ያልተነካ ተዋጊ ነው። አብዱልሃፊዝ ጆይስቲኩን ተቀብሎ አዲስ ዙር አስነስቷል፤ አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመደም። ሲጠጣ አልተሸነፈም ነበር። የጠጣው የሌላ ሰው ቅጣት ነው። ከእሱ በፊት ሲጫወት የነበረው ማነው?»

ሙባሪክ መሀረቡን አፉ ላይ ጫነው።

«ትናንት ዋሽተኸኛል» አለችው። «ከንፈርህን አልነከስከውም።»

ሙባሪክ መሬት መሬት እያየ ነገሩን ተናገረው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞት አፈረ፤ ጠዋት ቀልደውበታል፣ በዚያ ላይ ያን ቀን የሚናገረው ትልቅ ነገር ነበረው፣ የራሱን ኩባያ እንኳ የማይጠጣ ሰው ሆኖ መናገር አልፈለገም። ኩባያውን አንስቶ ከንፈሩን አስነካ። አብዱልሃፊዝ ነጠቀው። ለጨጓራህ አይሆንም አለው፣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው፣ ጆይስቲኩን ወስዶ ቁልፉን ተጫነ።

«ለምን ደበቅከው?»

«ኩባያው የእኔ ነው ካልኩ፣ ማን ሊገድልህ ይፈልጋል ትሉኛላችኋ።»

«ወደዚያ እንሄዳለን» አለች ማዕዶት። «መርዙ ለሙባሪክ ነበር። መራዡ ሙባሪክ ድልድዩ ላይ እንደሚሞት እርግጠኛ ነው፤ ያንን ሁሉም ያውቃል። ግን ሙባሪክ ግራዋ እንደማይጠጣ፣ አብዱልሃፊዝ እንደሚጠጣለት አላወቀም። ዓብይ ጠዋት ስቆበታል፤ ያውቃል። ባሂራ ራሷ ነገረችኝ፤ ታውቃለች። ከሁለቱ አንዱ ሙባሪክን መግደል ቢፈልግ በዚያ ኩባያ አይሞክረውም። ሁለቱም አብዱልሃፊዝን ሊገድሉ ይችላሉ ትሉኝ ይሆናል። ታዲያ ለምን በሙባሪክ ኩባያ? ቀጥሎ የአብዱልሃፊዝ የራሱ ተራ ነበር። ሙባሪክ ራሱ መርዞት ቢሆን ደግሞ ከንፈሩን አያስነካበትም። በመጀመሪያው ዙር ያልነበረች አንዲት ሰው ብቻ ትቀራለች። አውቶቡስ የዘገየባት። ኩባያውን የሞላችው። የወደቀውን ትታ የቆመውን ስታይ የቀረችው።»

ፈትሂያ አልተንቀሳቀሰችም። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ተደራርበዋል።

«ከሁለት ሳምንት በፊት አብዱልሃፊዝ አርባ ደቂቃ አናግሮሻል። ስልኩ ላይ አለ። ምን አለሽ?»

«ሰማን ብቻውን ወንዝ አልወረደም አለኝ።» ድምፅዋ የደረቀ ነበር። «የላከው ሰው አለ፣ እሑድ ነይና ራሱ ይንገርሽ አለኝ። ስም አልነገረኝም። አያስፈልገኝም ነበር። ዓብይ ያን ክረምት ገጠር ነበር። አብዱልሃፊዝ ደዋዩ ነው። ማን ቀረ?»

ዓብይ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ጠዋት የተጨቃጨቁት በዚህ ነበር፤ ይቅርታ በአንድ ምሳ አይጠየቅም፣ ተወው ብሎት ነበር። አብዱልሃፊዝ ሲሞት ደግሞ ማን እንዳደረገው ገምቷል፤ የሰማንን እህት በገዛ አፉ አሳልፎ መስጠት ግን አልቻለም።

«እናቴ ወንዙ ዳር ሦስት ቀን ተቀምጣለች» አለች ፈትሂያ። «ልጄ ዋና የሚወድ ሞኝ ነበር እያለች ሞተች። እውነቱን ሳታውቅ። እሱ ግን እርሻ አለው። ትዳር አለው። ይቅርታ አድርጊልኝ ብሎ ምሳውን በልቶ ሊሄድ ነበር። ቡና ቤት ሰው ገፍቶ ይቅርታ እንደሚባለው።» ወደ ሙባሪክ ዞረች። «አሁን ንገረኝ። ልትነግረኝ የነበረውን።»

ሙባሪክ ማዕዶትን አየ። ማዕዶት ራሷን ነቀነቀች።

ያን ቀን ሰማን ጌሙ ውስጥ ድልድዩ ላይ ሞተ። ሙባሪክ ግራዋ ለሕፃን ነው አለው፤ ወንድ ከሆንክ ዋቤን ተሻግረህ ና። ዝናብ ነበር፣ ወንዙ ሞልቷል። ሰማን ሳቀና ወረደ። ሙባሪክ ተከትሎት ዳር ላይ ቆሞ አየው።

«አብዱልሃፊዝ ሰምቶ ከኋላችን ሮጠ» አለ። «ልብሱን ሳያወልቅ ገባ። ደረሰበት፤ እጁን ይዞት ነበር። ውሃው ሁለቱንም ወሰዳቸው። አብዱልሃፊዝን ከታች በኩል ሾላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። እኔ አልገባሁም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ንገራት እያለ ለመነኝ፤ እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ። ትናንት ጌሙ ሲያልቅ ልነግርሽ ነበር።»

ፈትሂያ ባዶውን ዱካ አየችው። ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደች። ፖሊሶቹ ሊይዟት ሲሉ ማዕዶት በእጇ አቆመቻቸው። ፈትሂያ ባሂራ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ወላሂ ለእሱ አልነበረም» አለቻት። «ባሂራ፣ ወላሂ ለእሱ አልነበረም። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ባሂራ ከላይ ቁልቁል አየቻት። ከትናንት ጀምሮ ያልመጣው እንባ አሁንም አልመጣም።

«አንቺ ለወንድምሽ አሥራ አምስት ዓመት ቆይተሻል» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ገና አንድ ቀኔ ነው።»

ከዚያ በሩን ለቀቀችላት። ፖሊሶቹ ፈትሂያን አንስተው ይዘዋት ሲወጡ ሳጅን ሙዝደሊፋ የዓብይን ካቴና ፈታ፤ እናትህ ጣቢያው በር ላይ ናቸው፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ሂድ አለው። ሙባሪክም ቃሉን እንዲሰጥ ተከትሎ እንዲመጣ ተነገረው። ተነሥቶ ባሂራ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ሊናገር አስቦ ነበር። ባሂራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እግሩ ርቆ ኮቴው እስኪጠፋ ድረስም አልመለሰችውም።